እመት ማንጠግቦሽና ዐሥራ አንዱ በር

«ለቅሶ እንኳ ሳትደርሽ ደግሞ ሰው ነኝ ብለሽ ጥርስሽን ታሳያለሽ!»

ይህን ያለችኝ ጥሩዬ ናት። ቅዳሜ፣ ገበያ ቀን፣ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ጢም ብሎ በሞላበት። ከማንኩሳ ወዲያ ካለው ገጠር በርበሬ ይዛ ፍኖተ ሰላም መጥታ፣ እኔን ሳትሰድብ ወደ ገበያው ማለፍ አልሆነላትም። ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ።

«የማን ለቅሶ?» አልኋት።

«የእመት ማንጠግቦሽ ነዋ! አርባቸው ሊወጣ ስምንት ቀን ቀረው እኮ።»

ማሽኑ ወረቀት እየተፋ ነበር። አንድ ገበሬ መታወቂያውን ሁለት ጊዜ ገልብጭልኝ ብሎኝ ሃያ ስምንት ጊዜ ገልብጬለት ኖሯል። እሱም ቆቡን አውልቆ ቆሞ አየኝ እንጂ በቃኝ አላለም።

«ስልክ አይሠራ፤ መንገዱም ተዘግቶ ነበር» አልኋት ጥሩዬን።

«እሳቸው መንገድ ተዘጋ ብለው ቀርተው ያውቃሉ?»

ማሽኑን አጠፋሁት።

እኔ ሰው አላደንቅም። አስተማሪዎቼ «አፍሽ ከእግርሽ ይቀድማል» ይሉኝ ነበር፤ እግሬም ቢሆን አንድ ቦታ አይረጋም። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ፈተናው ሳይሳካልኝ ሲቀር የአክስቴ ልጅ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ቤቱ የዞኑ መሥሪያ ቤቶች በተሰለፉበት መንገድ ዳር ነው። ባለ ሥልጣኑ፣ ባለ መኪናው፣ ከረባት ያሠረው ሁሉ በደጄ ያልፋል። አንዱም ዓይኔን ሞልቶት አያውቅም። እመት ማንጠግቦሽ ግን አገልግላቸውን አንግተው ከታች ብቅ ሲሉ፣ ሥራዬን ትቼ በሩ ላይ እቆም ነበር። ለምን እንደምቆም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

መጀመሪያ የመጡ ዕለት አገልግሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ አደረጉት። ቀጭን፣ ረጅም ሴት፤ አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ፣ እግራቸው ላይ የላስቲክ ጫማ። ስንቅ መስሎኝ «እማማ፣ እዚህ ምግብ አይበላም» አልኋቸው። ክዳኑን ከፈቱት። እስከ አፉ ድረስ በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት ነው።

«ገልብጭልኝ።»

አንዱን አንሥቼ ወደ ብርሃን አዞርሁት። «ይሄ እኮ ፊደሉ ጠፍቷል። ማህተሙም እድፍ ነው የሚመስል። ይሄን ይዘው የትም አይደርሱም።»

«ስምሽ ማነው?»

«ትዕግሥት።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ያወጣልሽ ሰው ሳያይሽ ነው ያወጣው» አሉ። «በይ ገልብጭ። ወረቀት እግር የለውም፤ እግሩ እኔ ነኝ።»

ታሪካቸውን የሰማሁት ቀስ በቀስ ነው፤ ወረቀታቸውን እየገለበጥሁ። ባላቸው ገበዝ ደስታው በገጠሯ ማርያም የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የያዙ ሰው ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኗ አንድ የብራና ተአምረ ማርያም ነበራት፤ ሥዕል ያለበት፣ ዳር ዳሩን ብል የጀመረው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመንግሥት ሰዎች በመኪና መጡ። ደብዳቤ አሳዩ፤ ጠግነን እንመልሳለን አሉ። ገበዙ የደብሩ አለቃ ባሉበት ፈርመው ሰጡ። አለቃው ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። መጽሐፉ አልተመለሰም። ገበዙ ዘንድ የቀረው የርክክብ ወረቀትም የዕቃ ቤቱ ጣራ ሲያፈስስ ርሶ፣ ከማህተሙ እድፍ በቀር የሚነበብ ነገር አጣ። እኔ የትም አያደርስም ያልሁት ወረቀት ያ ነው።

ከዚያ አገሩ ማውራት ጀመረ። የእኛ አገር ደግሞ ፊት ለፊት አያወራም። «ገበዝ ሸጠው» ብሎ አፉን ሞልቶ የተናገረ አንድ ሰው የለም። አቶ ሙላት የሚባል ጎረቤታቸው፣ ሰንበቴ ላይ ጠላ ይዞ፣ «አይጥ ዕቃ ቤት ገብታ ምን ትበላ ይሆን?» ይላል። «ብራና ነዋ» ይላል ሌላው። «ታዲያ ስንት አወጣላት?» ይላል ሦስተኛው። ይሳቃል። ገበዙም እዚያው ተቀምጠዋል። ሰላምታ አልነፈጓቸውም፤ ጽዋ አልከለከሏቸውም፤ ቁልፉን ግን በትሕትና ተቀበሏቸው። ሁለት ዓመት አንገታቸውን ደፍተው ኖረው ሞቱ። ዕድሜውን ሙሉ ያገለገለ ገበዝ ወደ ቤተ መቅደሱ ተጠግቶ ነው የሚቀበር። እሳቸውን ከቅጥሩ ጥግ፣ ሰው ረግጦት ከሚያልፍበት ከበሩ አጠገብ ቀበሯቸው።

«ሲሞቱ ምን አሉዎት?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንድ ቀን። እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም፤ እኔ ጠየቅሁ።

«ምን ይለኛል? ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ሞተ። መጽሐፉ በዚያ የሚገባ ይመስል።»

ከዚያ አገልግሉን ከደኑና ወደ መናኸሪያ ሄዱ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ሲሄዱ ኖሩ። የሚፈልጉትም አንድ ነገር ነው፦ መጽሐፉን አምጥቶ የባላቸውን ስም ማንጻት።

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጎዳና አለ፤ ሰፊ፣ በግራ በቀኝ የመንግሥት ሕንፃ የተደረደረበት፣ በየደጁ ባንዲራ የሚውለበለብበት። እመት ማንጠግቦሽ ፊደል አልቆጠሩም። ያንን ጎዳና ግን ዳዊት እንደሚደግም ካህን በቃላቸው ይወጡት ነበር። የግራ እጃቸውን ጣቶች በቀኝ አውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየተጫኑ ነው የሚቆጥሩት፤ በእሳቸው ቁጥር ዐሥራ አንድ በር አለው።

«አንደኛው በር አረንጓዴ ነው። ዘበኛው የደምበጫ ልጅ ነው፤ ጠዋት ይቆጣል፤ ምሳ ከበላ በኋላ ሰው ይሆናል። ሁለተኛው በር ላይ ሴት ናት የምትፈትሽ፤ ሳትጠይቅሽ ዕቃሽን ክፈችላት፣ ደስ ይላታል። አራተኛው በር ትልቅ ስለሆነ ያገሬ ሰው ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ጉዳዩ ያለው ግን በትንሹ፣ በአምስተኛው ነው። ሰባተኛው ፊት ለፊት እስከ አራት ሰዓት ጥላ አለ። ከዚያ በኋላ ጥላው ወደ ስምንተኛው ይሻገራል። አብረሽው ተሻገሪ።»

«ፀሐዩንም ለምደውታል በሉኝ» አልኋቸው።

«እሱ ነው እኔን የለመደ።»

አዲስ አበባ ጉዳይ ያለው ገበሬ ሁሉ እሳቸውን ሳይጠይቅ አይሄድም ነበር። ከማንኩሳ፣ ከቡሬ፣ አንዴም ከሊበን ድረስ ሰው መጥቷል። የሚያሠለጥኑትም እዚችው እኛ መንገድ ላይ ነው። የፍኖተ ሰላምን መሥሪያ ቤቶች አንደኛ በር፣ ሁለተኛ በር ብለው ይሰይሙና ሰውየውን ከታች ጀምረው ያስኬዱታል። ዘበኛው ራሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነህ?» ይላሉ ነጠላቸውን እንደ ዩኒፎርም አጥብቀው።

«እንደምን አደሩ? ጤና ይስጥልኝ። ቤተ ሰብ፣ ከብቱ፣ ልጆቹ...» ይላል ገበሬው።

«ወዴት ነህ አልሁህ እኮ!»

«እ... እዚሁ ነኝ። አላስቸግርም።»

«ውጣ! እንደገና ና። አላስቸግርም ይላል እንዴ? ልታስቸግር አይደለም የሄድኸው?»

እውነተኞቹ ዘበኞች ከየበራቸው ወጥተው በሳቅ ይፈርሱ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ገበሬው ግን አምስተኛው በር ላይ ሲደርስ ደረቱ ተነፍቶ፣ ጉዳዩን በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። «የእኛ ሰው አዲስ አበባ መንገድ አይጠፋበትም» ይላሉ እመት ማንጠግቦሽ። «ጨዋነቱ ነው የሚያጠፋው። ሰልፍ ይይዛል፤ ሽማግሌ ሲመጣ ይለቃል፤ ቄስ ሲመጣ ይለቃል፤ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ይለቃል። መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ከሰልፉ ኋላ የቆመው እሱ ነው።»

ጉቦ ይሰጣሉ ብለው የሚያሟቸውም ነበሩ፤ ያለዚያ እንዴት ያስገቧቸዋል ብለው። ጠየቅኋቸው፤ እኔ የማልጠይቀው ነገር የለም።

«እሰጣለሁ» አሉኝ። «ወሬ ነው የምሰጥ። የደምበጫው ልጅ እናት ጥርሷን አሟት ነበር፤ አስነቀለች ብየ ነገርሁት። አለቀሰ። የስምንተኛው በር ልጅ ያገሩ ዝናብ እንደ ገባ የሚሰማው ከኔ ነው። አገሩን የሚነግረውን ሰው ማን ውጭ ያቆማል?»

መሄጃቸው ሲደርስ እውነትም በየመንደሩ እየዞሩ የዘበኞቹን እናቶች ይጠይቁ ነበር።

መጽሐፉ የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ ስድስት ዓመት ፈጀ። አንዱ በር ወደ ሌላው ይልካቸዋል፤ ያኛው «እኛን አይመለከትም» ይላል፤ የጠየቁት ሰው ይቀየራል፤ አዲሱ ሰው ከአንደኛው በር ያስጀምራቸዋል። በስድስተኛው ዓመት ዐሥረኛው በር ውስጥ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መጽሐፉ በመስታወት ሣጥን ተኝቶ ተገኘ። ግን የቤተ ክርስቲያን ነገር በካህን አፍ ነው የሚጠየቀው። ስለዚህ በዓመቱ ካህናቱን መርተው ወሰዷቸው፤ እሳቸው ደጅ ቆዩ፤ ካህናቱ ገቡ።

ፊታቸው በርቶ ወጡ። «አየነው እኮ! ተሳለምነው! እንዴት አድርገው ቢይዙት ጥሩ ነው!»

«መቼ ይሰጧችኋል?»

«እሱንማ... እንዲያው እንዴት ይባላል? ሻይ እኮ ነው ያጠጡን።»

በሰባተኛው ዓመት እንዲህ ተሳልመው ተመለሱ። በስምንተኛው ተሳልመው ተመለሱ። በዘጠነኛው ተሳልመው ሲመለሱ፣ እመት ማንጠግቦሽ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። አገልግሉን አላስቀመጡም።

«ሻይ አጠጧቸው» አሉኝ። እንደዚያ ቀን የተቆጣ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ድምፃቸው ግን ሹክሹክታ ነበር። «ሦስት ጊዜ። ሻይ።»

ወንበር ሳብሁላቸው፤ አልተቀመጡም።

«አንች አፍሽ ባለጌ ነው። የሚያሳፍርሽ ነገር አለ?»

አሰብሁ። «የለም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ትሄጃለሽ።»

በሳምንቱ የደብሩን ተወካይ ቄስ አላምረውን ይዘውልኝ መጡ። በዘጠነኛው ዓመት ያስገቡት ደብዳቤ ግልባጭ ከአገልግሉ ወጣ፤ አነበብሁት። ሁለት ገጽ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ነው። ሁለተኛው ገጽ ምርቃት ነው፤ ለኃላፊው፣ ለሠራተኛው፣ ለሕንፃው ሳይቀር። ከታች፣ ከማህተሙ በላይ፣ «መጽሐፋችንንም በዓይነ ሥጋ ለማየት ያብቃን» ይላል። በቃ።

ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጬ ሦስት መስመር ጻፍሁ። መጽሐፋችን ለጥገና ተወስዷል። ጥገናው ካለቀ መልሱልን። ተወካያችን ቄስ አላምረው ናቸው።

ቄሱ ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አራቁት። «ልጄ፣ ቀሪው የት አለ?»

«ቀሪ የለውም።»

«እንደምን ሰነበታችሁ እንኳ?»

«የለም።»

«ይሄ እኮ የሰው በር በእርግጫ መምታት ነው።»

«አባ፣ ማህተም ይምቱበት» አሉ እመት ማንጠግቦሽ። ቄሱ አማተቡና መቱ።

ክረምቱ ሲወጣ ሦስታችን ሄድን። የአባይን በረሃ ወርደን ወጥተን አዲስ አበባ ገባን፤ በማግስቱ ጠዋት ጎዳናው ላይ ነበርን። እመት ማንጠግቦሽ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን አቧራ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ቀና ሲሉ ባሉበት ቀሩ።

ጎዳናው የለም። ማለት አለ፤ እሳቸው የሚያውቁት ግን አይደለም። አጥሩ ተነሥቷል፤ አረንጓዴው በር ተነቅሏል፤ ሰባተኛው በር ፊት ለፊት የነበረው ጥላ የለም። አዲስ ንጣፍ ድንጋይ፣ ባለ ብዙ ክንፍ መብራት፣ አበባ፣ የሚረጭ ውኃ። ከዐሥራ አንዱ በር አምስት እንኳ አልቆጠርሁም። ሕንፃዎቹም አዲስ ቀለም ተቀብተው ሁሉም አንድ መልክ ሆነዋል። ዘጠኝ ዓመት በቃል የተያዘ ነገር በአንድ ክረምት ታጥቦ ሄዷል።

«ምነው?» አሉ ቄሱ። «ጠፋብን እንዴ?»

እኔ እመት ማንጠግቦሽን ነበር የማየው። ከንፈራቸው ደረቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ አሮጊት መሰሉኝ። «በካርታ ልፈልገው» ብዬ ስልኬን አወጣሁ።

«ተይው» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዓይን ነው የሚታለል። እግር አይታለልም።»

ነጠላቸውን ይዤ ቢሆን ኖሮ በተነጠቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሄዱ። ጣታቸው እየቆጠረ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ሰው እየሸሸላቸው። አንዷ ፎቶ የምትነሣ ልጅ ደንግጣ ዘለለች። እኔና ቄሱ ከኋላ ሮጥን። አንድ ቦታ ዘወር አሉ፤ ሌላ ቦታ ምንም የሌለበት ላይ ቆመው፣ በር እስኪከፈትለት እንደሚጠብቅ ሰው ጠበቁ፤ ቀጠሉ። መጨረሻ ላይ ቆሙና ዓይናቸውን ከፈቱ። ከፊታቸው የመስታወት በር ነበር።

ከውስጥ አንድ ሽበታም ዘበኛ ወጣ። «እናቴ! መጡልኝ?» ብሎ ትከሻቸውን ሳመ። ከወዲያ ማዶም ሌላ ዘበኛ ቆቡን አውልቆ እጁን አወዛወዘ። ከዚያ ሌላው። እዚያ ጎዳና ላይ በጥቁር መኪና የሚያልፍ ሰው ሞልቷል። ለአንዱም እንዲያ እጅ ሲወዛወዝ አላየሁም።

ሁለተኛ ፎቅ ወጣን። ቄስ አላምረው በሩ ላይ ዘወር ብለው «እመት ማንጠግቦሽ፣ እርስዎ እንግዲህ እንደ ወትሮው...» አሉ።

«ዛሬ እገባለሁ» አሉ።

ኃላፊው ወጣት ነው፤ መነጽር ያደረገ፣ ትሑት። ቄሱን ሲያይ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፤ ወንበር ሳበ፤ ሻይ አዘዘ። ቄሱ ምርቃት ጀመሩ። ከአባቱ ጀምረው ወደ ልጆቹ ሲሻገሩ ሻዩ ደረሰ።

«ሻይ አንጠጣም» አልሁ። «መጽሐፋችንን ልንወስድ ነው የመጣነው።»

ቄሱ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጡኝ።

«ልትወስዱ?» አለ ሰውየው። ደብዳቤዬን አነበበ፤ ለማንበብ ጊዜ አልፈጀበትም። ተነሥቶ አንድ ትልቅ መዝገብ አመጣና ገለጠ። «ያለፉት ሦስት ጊዜያት የመጣችሁበት ምክንያት ለመሳለም ነው የሚለው። ፈርማችኋል። እኛማ እንዲህ ያለ ደብር አይተን አናውቅም፣ በየዓመቱ ተነሥቶ ለመሳለም የሚመጣ እያልን ስናደንቃችሁ ነበር። ጥገናው ካለቀ እኮ ቆየ።»

«እንግዲህ ልጄ» አሉ ቄሱ ላብ ላብ እያላቸው፣ «ነውር አይሆንም ወይ? እናንተ አውቃችሁ ትሰጡናላችሁ ብለን ነዋ።»

«እኛ ደግሞ ትጠይቁናላችሁ ብለን» አለ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እመት ማንጠግቦሽ አልሳቁም። ወንበራቸው ጫፍ ላይ ነበሩ።

«ስትረከቡ የተፈረመበት ወረቀት አለ?» አሉት።

ፋይሉን አስመጣ። አንድ ገጽ ነው፤ ንጹሕ፣ ውኃ ያልነካው። እሳቸው እኔን አዩኝ። «አንብቢው። ሸጠ ይላል?»

«አይልም።»

«ምን ይላል?»

«ገበዝ ደስታው፣ የደብሩ አለቃ ባሉበት፣ ለጥገና በአደራ አስረከቡ ይላል።»

«በአደራ።»

«በአደራ።»

«እንደገና አንብቢው። ጮክ ብለሽ።» ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ቄስ አላምረው በሦስተኛው አንገታቸውን ደፉ፤ ቁልፉን ከገበዙ ከተቀበሉት አንዱ እሳቸው ነበሩ። «የእሱ እጅ የትኛው ነው?» አሉ እመት ማንጠግቦሽ። አሳየኋቸው። ትንሽ መስቀል፣ ከጎኗ ጠማማ «ደስታው»። መዳፋቸውን ጫኑባትና ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳያነሡ ቆዩ። ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር።

«መጽሐፉ የካህናቱ ነው» አሉት መጨረሻ ላይ። «ለኔ ይችን ገልብጥልኝ። ማህተም ያላት።»

ፊርማና ማህተም ለመጨረስ አራት ቀን ፈጀ። በአራቱም ቀን እሳቸው ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን። መጽሐፉ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቄሱ ጭን ላይ ሆኖ ጎጃም ገባ።

እሑድ ዕለት ከማንኩሳ ወዲያ አገሩ ሁሉ ጃንጥላና ከበሮ ይዞ ወጣ። እልልታው ጆሮ ያደነቁራል። ቅዳሴው እንዳለቀ ቄስ አላምረው የርክክቡን ግልባጭ ለሕዝቡ አነበቡት። ከሕዝቡ መካከል ሦስት ሰዎች ሹልክ ብለው ወጡ። የሸሹ መስሎኝ ነበር። ሲመለሱ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመዋል፤ አቶ ሙላት ከፊት ነው። እመት ማንጠግቦሽ ፊት ተደፉ።

እንዲህ ሲሆን ደንቡ የታወቀ ነው። የተበደለው «ይቅር ለእግዚአብሔር» ይላል፤ ድንጋዩ ይወርዳል፤ ሁሉም ወደ ጠላው ይሄዳል። ሰዉ ያንን ቃል ጠበቀ።

«እኔን ምን አደረጋችሁኝ?» አሉ። «ተነሡ። ተከተሉኝ።»

ወደ ቅጥሩ ጥግ፣ ወደ መቃብሩ ወሰዷቸው። «የበደላችሁ እሱን ነው። ለእሱ ንገሩት።»

አቶ ሙላት ድንጋዩን አመቻቸና «እንዴ እመት ማንጠግቦሽ፣ ሙት ምን ብሎ ይመልሳል?» አለ።

«ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉ ፊታቸው ሳይፈታ። «ጠብቁ።» መቃብሩ ራስጌ መሬት ላይ ተቀመጡ።

አንዳንዱ ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ የሚስቅ ጠፋ። ፀሐዩ መክረር ጀመረ። ሦስቱም ሸምገል ያሉ ናቸው፤ ድንጋዩ ይከብዳቸው ጀመር።

«እንግዲህ ሰው ነንና» አለ አቶ ሙላት፣ «የወጣ ቃል ካለ፣ ያዘነችም ነፍስ ካለች...»

«አይሰማም።»

«ነገር በጆሮ ገብቶ በአፍ መውጣቱ የአዳም ልጅ...»

«አይሰማም አልሁህ።»

ቄስ አላምረው መስቀላቸውን ይዘው ቀረቡ። «በቃ ይበሉ፣ ስለ ማርያም። ፀሐይ እኮ ነው።»

«አባ» አሉ እመት ማንጠግቦሽ፣ «እኔስ ጥላ ሥር ነው የከረምሁት?»

ቄሱ ወደ ኋላ ተመለሱ። እመት ማንጠግቦሽ አልተንቀሳቀሱም። ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ ከቅጥሩ ግድግዳ እስከ ደጀ ሰላሙ ድረስ፤ ሕፃን እንኳ አያለቅስም። የአቶ ሙላት ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። በአንዱ ጉልበቱ ወረደ። ከዚያ በሁለተኛው።

«ገበዝ ደስታው አልሸጠም!» አለ። ጩኸቱ ዛፉ ላይ ያሉትን ወፎች አስነሣ። «ሸጠ እያልሁ የዞርሁት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ደስታው፣ ዋሽቼብሃለሁ።»

እመት ማንጠግቦሽ ተነሡ። ድንጋዩን ከጫንቃው ላይ በገዛ እጃቸው አነሡት፤ ከበደባቸው፤ ማንም አላገዛቸውም፤ መቃብሩ ራስጌ አኖሩት። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ። ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሰውዬ ዞረው ተመልሰው ተቀመጡ።

ወደ ማንኩሳ የሚመልሰኝ ባጃጅ ከበሩ ውጭ ጥሩምባውን ነፋ። ሁለተኛው ሰውዬ አፉን ሊከፍት ሲል ሰዉን እየገፋሁ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ እመት ማንጠግቦሽን አላየኋቸውም።